ትንሽ ያገለገለ የሸራ ጀልባ በየት በኩል ይሸጥ? ራስ መሸጥ፣ ደላላ፣ ልገሳ ወይስ በነጻ መስጠት

ጀልባውን መሸጥ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ያወጣል?" ብሎ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለትንሽ ጀልባ ግን ከዋጋው በላይ የሚወስነው፣ እስኪሸጥ ድረስ በየወሩ የሚበላው ገንዘብ ነው። ይሄን ቀድሞ ያሰላ ሰው ምርጫው ይቀለዋል። ያላሰላ ደግሞ "ከዚህ ዋጋ አልወርድም" እያለ ማሪናው፣ ማለትም የጀልባ ማቆሚያው ኪራይ፣ ጀልባውን ቀስ በቀስ ይበላበታል።

የማወራው ስለ ቼሳፒክ ቤይ አካባቢ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ማለቴ ነው። ሐበሻው እዚህ ብዙ ነው፣ አናፖሊስም ቅርብ ስለሆነ ያገለገለ የሸራ ጀልባ ገበያው ሞቅ ያለ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ ሒሳቡን ውሰዱ፣ የወረቀቱን ሕግ ግን ከየስቴታችሁ አጣሩ። ጀልባ ስልም ከ14 እስከ 25 ጫማ ያሉትን ነው፤ ሰንፊሽ፣ ሌዘር፣ ፍላይንግ ስኮት፣ ካታሊና 22 እና መሰሎቻቸው። ሠላሳና አርባ ጫማ ያለው ሌላ ዓለም ነው።

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ እጃችሁ የሚገባው የተጣራ ገንዘብ ነው። ማስታወቂያው ላይ የጻፋችሁት ዋጋ አይቆጠርም፤ ጎረቤት "ይሄማ አምስት ሺህ ይሸጣል" ያላችሁም አይቆጠርም። ኮሚሽን፣ ኪራይ፣ ኢንሹራንስና ጥገና ተቀንሶ የሚተርፈውን ብቻ ያዙ።

ቀጥሎ ጊዜ ነው፣ እሱም ራሱ ገንዘብ ነው። እንበል ካታሊና 22 አላችሁ፣ ማሪና ውስጥ በወር 250 ዶላር ትከፍሉበታላችሁ። 3,500 ጠርታችሁ በአንድ ወር ብትሸጡት 3,250 ይቀራችኋል። "ከ4,500 ንቅንቅ አልልም" ብላችሁ አምስት ወር ብትቆዩና ያን ዋጋ እንኳ ብታገኙ፣ 1,250 ለኪራይ ሄዶ የሚቀራችሁ ያው 3,250 ነው። አራት ወር ተጨማሪ ጠብቃችሁ፣ ስልክ አንስታችሁ፣ ቅዳሜያችሁን ሰጥታችሁ፣ አንድ ዶላር አላተረፋችሁም። በመሃል ብርዱ ከገባ ደግሞ ጀልባውን ከውሃ ማውጫና እስከ ጸደይ ማቆያ ይጨመርበታል።

ግቢያችሁ ውስጥ ተሳቢ ላይ የቆመ ከሆነ ግን ወርሃዊ ወጪው ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ያኔ መጠበቅ ያዋጣል።

ሌሎቹ መመዘኛዎች አጠር ይላሉ። ስንት ሰው ማስተናገድ ትችላላችሁ? ለአጭበርባሪ ምን ያህል ትጋለጣላችሁ? ከሸጣችሁ በኋላስ ጀልባው በስማችሁ ተመዝግቦ ሊቀር ይችላል ወይ? የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ራስ መሸጥ

ለአብዛኛው ትንሽ ጀልባ የኔ ምክር ይሄ ነው፣ ስለዚህ እዚህ ላይ እንቆይ።

ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ፈጣን ነው። ማስታወቂያው በወጣ በሰዓታት ውስጥ "አለ?" የሚል መልእክት ይጎርፋል፣ ግማሹ መልስ ስትሰጡት ይጠፋል። ክሬግስሊስት ዛሬም ለጀልባ ይሠራል፣ ሰው የሚያንሰውን ያህል የሚመጣው ቁም ነገር ያለው ነው። ለሸራ ጀልባ ብቻ የተከፈቱ የማስታወቂያ ድረ ገጾችም አሉ። ብዙ ሰው የማያስበው የየጀልባው ዓይነት ማኅበርን ነው። ካታሊና 22 ከ1969 ጀምሮ ከ15,000 በላይ ተሠርቷል፣ የራሱ ማኅበር አለው። በሜሪላንድ ምዕራብ ተራሮች የሚሠራው ፍላይንግ ስኮትም እንደዚሁ። በማኅበር በኩል የሚመጣ ገዢ ጀልባውን ከእናንተ በላይ ያውቀዋል። ይሄ ሊያስፈራችሁ አይገባም፤ ምን እንደሚገዛ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይወስናል።

የሚያውቅ ገዢ ሲመጣ የሚያደርገውን ልንገራችሁ። ከሰላምታው በኋላ የጀልባውን የላይኛውን ወለል በባዶ እግሩ ቀስ ብሎ ይረግጣል፣ በተለይ ምሰሶው የቆመበትን ዙሪያ። ከዚያ በዊንች (የሸራ ገመድ መወጠሪያ) እጀታ መታ መታ እያደረገ ያዳምጣል። ጠንካራ ጥርት ያለ ድምፅ ካለ ደህና ነው። ድምፁ ከደነዘዘ በፋይበርግላሱ መካከል ያለው እንጨት ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው፣ ዋጋውም እዚያው ይወርዳል። የድሮ ካታሊና 22 ከሆነ ውስጥ ገብቶ ኪሉን፣ ማለትም ከጀልባው ሥር ወደ ውሃው የሚወርደውን ክፍል፣ እጀታውን እያዞረ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ያ ኪል ከባድ ብረት ነው፣ የተንጠለጠለው በአንድ ሽቦ ገመድ ነው። ገመዱ መበጣጠስ ጀምሮ ከሆነ ወይም የሚዞርበት ፒን ከተበላ ገዢው ያየዋል። በመጨረሻ ወደ ሞተሩ ሄዶ ከማስነሳቱ በፊት ክዳኑን በእጁ ይነካል። ትኩስ ከሆነ "ቀድመው አስነስተውታል፣ ቀዝቃዛ ሆኖ አይነሳም ማለት ነው" ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ አታሙቁት።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ገንዘባችሁን የት እንደምታወጡ ነው። አዲስ ሸራ አትግዙ፣ ያወጣችሁት አይመለስም። ሞተሩ እንዲነሳ አድርጉ። ኤታኖል ያለው ቤንዚን ወራት ከተቀመጠ ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል፣ ማጽዳቱ ብዙ አያስወጣም፤ የማይነሳ ሞተር ግን ከዋጋው ላይ ብዙ ያስቀንሳል። የተሳቢውን ጎማ እዩ። ጎኑ ላይ ያሉት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፣ ገዢም ያነባቸዋል። ከዚያ ጀልባውን ባዶ አድርጋችሁ እጠቡት። የሻገተ ትራስ ካለ ጣሉት። ትራስ የሌለው ጀልባ ከሚሸት ጀልባ ይሻላል።

ፎቶ አትሰስቱ። ሸራው ተሰቅሎ የተነሳ አንድ፣ የቀረው ደግሞ ሰው ማየት የሚፈልገው ነገር ይሁን፤ ከትራስ ሥር፣ ኪሉ፣ የሞተሩ ጎን፣ ተሳቢው። ጉድለቱንም ጻፉት። "መስኮቱ ዝናብ ያስገባል" ብሎ የጻፈ ሻጭ ሁለት ሰዓት ነድቶ መጥቶ ፊቱን አጥቁሮ የሚመለስ ሰው አይገጥመውም።

ዋጋ ስታወጡ ተመሳሳይ ጀልባ በአካባቢው ስንት እንደተጠራ አይታችሁ ትንሽ ዝቅ አድርጉ። የምታዩት የተጠየቀውን ነው፣ የተሸጠበትን አይደለም። "የመጨረሻ ስንት?" የሚል ሰው መምጣቱ ስለማይቀር ለሱ ትንሽ ቦታ ተዉለት። ግን ጀልባውን ሳያይ በጽሑፍ የሚጠይቃችሁን "መጥተህ እየው፣ ከዚያ እንነጋገራለን" በሉት። ጊዜውም ወሳኝ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ማለትም ከማርች እስከ ሜይ፣ ገዢ ይፈልጋችኋል። መስከረምና ጥቅምት ላይ እናንተ ገዢን ትፈልጋላችሁ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የብርዱን ወራት ኪራይ ሊሸሽ በአንድ ጊዜ ይሸጣል።

የሙከራ ጉዞ የሚጠይቅ ገዢ ካለ ዋጋ ከተስማማችሁና ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ ይሁን። ችግር ከተገኘ ቀብዱ እንደሚመለስ በአጭሩ ጻፉ፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ያለዚያ ነፃ የቅዳሜ ሽርሽር ትሰጣላችሁ።

ስለ ማጭበርበር። የተለመደው እንዲህ ነው፤ ሩቅ ያለ ሰው ጀልባውን ሳያይ ይገዛዋል፣ ከዋጋው በላይ የተጻፈ ካሺርስ ቼክ ይልካል፣ "ትርፉን ለአጓጓዡ ላክልኝ" ይላል። ባንኩ ገንዘቡን ቀድሞ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው ግን ቆይቶ ነው፣ የላካችሁት ገንዘብ ያኔ የለም። ሌላው "እውነተኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ" ብሎ ስልካችሁ ላይ የገባውን ኮድ የሚጠይቅ ነው። ኮድ ለማንም አይሰጥም። ክፍያው እጅ በእጅ ይሁን፣ ወይም ከገዢው ጋር አብራችሁ ባንኩ ሄዳችሁ ቼኩ ሲታተም እዩ።

ወረቀት። ጀልባውና ተሳቢው ሁለት የተለያዩ ንብረቶች ናቸው፣ የተለያየ መሥሪያ ቤት ነው የሚያስተናግዳቸው። ሜሪላንድ ጀልባውን የሚይዘው የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤቱ ነው፣ ተሳቢውን የመኪና መሥሪያ ቤቱ። ሜሪላንድ ውስጥ ትንሽም ቢሆን ሞተር ያለው የሸራ ጀልባ መመዝገብ አለበት፤ ገዢው 5 በመቶ ታክስ ይከፍላል፣ አስቀድማችሁ ንገሩት። ቨርጂኒያ ውስጥ ከ18 ጫማ በላይ የሆነ የሸራ ጀልባ ሞተር ባይኖረውም ታይትል ያስፈልገዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የተሳቢው ታይትል ነው። ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት ምትኩን አውጡ፣ ገዢ ገንዘብ ይዞ ቆሞ እያለ ወረቀት መፈለግ ሽያጭ ያበላሻል። ከ1972 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ጀልባ ከኋላው በቀኝ በኩል 12 ፊደልና ቁጥር ተቀርጾበታል። ታይትሉ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩት፣ አንድ ፊደል እንኳ ከተለየ ገዢው ስም ማዛወር ላይ ይቸገራል።

ደላላ

አገር ቤት የለመድነው ደላላ ከሻጭም ከገዢም ይቀበላል። እዚህ በተለምዶ የሚከፍለው ሻጩ ነው፣ የተለመደውም 10 በመቶ ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ብዙዎቹ ጀልባው ምንም ቢረክስ ከዚህ በታች አንቀበልም የሚሉት ዝቅተኛ ኮሚሽን አላቸው። እንበል ዝቅተኛው 1,500 ነው። ጀልባችሁ በአራት ወር 4,500 ቢሸጥ፣ 1,500 ለደላላ፣ 1,000 ለኪራይ፣ የሚቀራችሁ 2,000 ነው። ቀድሞ በ3,500 ራሳችሁ ብትሸጡት 3,250 ይቀራችሁ ነበር። ደግሞም ብዙ ደላላ ይሄን የሚያህል ጀልባ አልቀበልም ይላል። ቢቀበልም ትልልቆቹን ከሸጠ በኋላ ነው ትዝ የምትሉት፣ አልፈርድበትም።

ደላላ የሚያዋጣው ጀልባው ሃያ ምናምን ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ለደላላ ብቻ ክፍት የሆኑ ትልልቅ ድረ ገጾች ላይ ያወጣዋል፣ ሰው ያሳያል፣ ቀብድ ይይዛል፣ ውል ያዘጋጃል። ወደ ሌላ ስቴት ከሄዳችሁም ያሳርፋችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ነገር አንብቡ፤ ውሉ ስንት ወር ያስራል፣ እናንተ ራሳችሁ ገዢ ብታመጡ ኮሚሽን ይከፈላል ወይ? ሁለተኛው ላይ ሳይከራከር የፈረመ ሰው አጎቱ ለገዛው ጀልባ ኮሚሽን ሊከፍል ይችላል።

ነጋዴ ዘንድ በልዋጭ መስጠትና ጨረታ ላይ ማውጣትም አሉ። የመጀመሪያው ሌላ ጀልባ ከሱ ለሚገዛ ሰው ካልሆነ አይመችም። ሁለተኛው ቶሎ ይዘጋል፣ ዋጋውን ግን አትቆጣጠሩትም። ለተራ ትንሽ ጀልባ ብዙ አልደክምባቸውም።

ልገሳ

"ለበጎ አድራጎት ስጠው፣ ከታክስ ይቀነስልሃል" የሚለው ምክር ግማሹ እውነት ነው። የጀልባ ልገሳ የሚቀበሉ ብዙ ናቸው፣ ሴንት ማይክልስ ያለው የቼሳፒክ ቤይ ማሪታይም ሙዚየም አንዱ ነው። ለታክስ ግን ዋጋውን እናንተ አትወስኑም። ድርጅቱ ጀልባውን ከሸጠው በአጠቃላይ ልትቀንሱ የምትችሉት እሱ የሸጠበትን ያህል ነው፣ 1098-ሲ የሚባለው ቅጽ ላይ ቁጥሩን ይልክላችኋል። ድርጅቱ ራሱ ሥራ ላይ ካዋለው ወይም በደንብ ካደሰው ሕጉ ይለያል። 500 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከተሸጠ ደግሞ እስከ 500 ድረስ የገበያ ዋጋውን መቀነስ ይቻላል።

ትልቁ ነገር ግን ይሄ ነው፤ ቅናሹ የሚሠራው ወጪውን ዘርዝሮ ታክስ ለሚሠራ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አብረው ታክስ ለሚሠሩ ባለትዳሮች መደበኛው ቅናሽ 31,500 ዶላር ነበር። ከመደበኛው ቅናሽ የሚበልጥ የሚዘረዘር ወጪ ከሌላችሁ ከልገሳው የምታገኙት የታክስ ጥቅም ዜሮ ነው። ዘርዝራችሁ የምትሠሩ ከሆነና ጀልባው 1,500 ከተሸጠ፣ 22 በመቶ ላይ ላለ ሰው ጥቅሙ ቢበዛ 330 ዶላር ነው። ታክስ የሚሠራላችሁን ሰው ቀድማችሁ ጠይቁት።

ታዲያ ልገሳ ለምን? ኪራይ ስለሚያቆም። መስከረም ላይ ገዢ ያጣ፣ ተሳቢ የሌለው፣ በየወሩ 250 የሚበላ ጀልባ ካላችሁ፣ በቶሎ መጥቶ ወረቀቱን አስተካክሎ የሚወስድላችሁ ድርጅት እስከ ጸደይ ድረስ ከሺህ ዶላር በላይ ያድናችኋል። ያ ከታክሱ ይበልጣል።

መበታተን ወይም በነጻ መስጠት

አንዳንድ ጀልባ በቁሙ የሚያወጣው ከክፍሎቹ ያንሳል። ወለሉ የበሰበሰ ነገር ግን ደህና ሞተር፣ ወረቀት ያለው ተሳቢና ጥሩ ሸራ ያለው ጀልባ እንደዚያ ነው። ሞተሩ ለብቻው በቶሎ ይሸጣል፣ ባዶ ተሳቢም ፈላጊ አያጣም። አናፖሊስ አካባቢ ያገለገለ ሸራ በኮሚሽን የሚሸጥ ሱቅ ካለ ጠይቁ። የሚቸግረው የቀረው ፋይበርግላስ ነው። ቆርጦ ማስጣል ገንዘብ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሞተሩን ከመንቀላችሁ በፊት የማስጣያውን ዋጋ ጠይቁ።

በነጻ መስጠት አያሳፍርም፣ ግን "ውሰደው፣ ወረቀቱን በኋላ" ብሎ መስጠት አደገኛ ነው። ወሳጁ አንድ ወንዝ ዳር አስሮት ከጠፋ፣ ቁጥሩ ሲታይ የሚወጣው የእናንተ ስም ነው። በአንድ ዶላርም ቢሆን የሽያጭ ወረቀት ጻፉ፣ መታወቂያውን ፎቶ አንሱ፣ ታይትሉን እዚያው ፈርሙ፣ ለስቴቱም አሳውቁ።

በአጭሩ

| መንገድ | የሚቀር ገንዘብ | ጊዜ | ድካም | ዋና ስጋት |
|---|---|---|---|---|
| ራስ መሸጥ | ከሁሉም የተሻለ | በጸደይ ሳምንታት፣ በመኸር ወራት | ብዙ | አጭበርባሪ፣ ቀልደኛ ገዢ |
| ደላላ | ለርካሽ ጀልባ ዝቅተኛ | ወራት | ትንሽ | ዝቅተኛ ኮሚሽን፣ የሚያስር ውል |
| ልዋጭ ወይም ጨረታ | ዝቅተኛ | አጭር | መካከለኛ | ዋጋውን አለመቆጣጠር |
| ልገሳ | ከዜሮ እስከ ጥቂት መቶ | አጭር | ትንሽ | የታክስ ጥቅሙን አጋንኖ መገመት |
| መበታተን | እንደ ሞተሩና ተሳቢው | ወራት | እጅግ ብዙ | የማስጣያ ወጪ |
| በነጻ መስጠት | ዜሮ፣ ግን ኪራይ ያቆማል | ቀናት | ትንሽ | በስማችሁ መቅረቱ |

እንደየሁኔታችሁ

ሰንፊሽ ወይም ሌዘር ካላችሁ ብዙ አታስቡ። ፌስቡክ ላይ አውጡት፣ በአቅራቢያው ያለ የሸራ ክለብም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ። ማንም በመኪና ጎትቶ የሚወስደው ጀልባ ገዢ አያጣም።

ከ20 እስከ 25 ጫማ፣ ተሳቢ ያለው፣ ዋጋው ከ10,000 በታች ከሆነ ራሳችሁ ሽጡት፣ በማኅበሩ በኩል ጀምሩ። ተሳቢ የሌለው ከሆነ ግን ገዢያችሁ ማሪና ማግኘት ያለበት ሰው ብቻ ነው፣ ቁጥራቸው ያንሳል፣ ስለዚህ ዋጋውን ከመጀመሪያው ዝቅ አድርጉ። ማሪናው ፈቃደኛ ከሆነ የወቅቱን ቀሪ ኪራይ ለገዢው ማስተላለፍ ጥሩ መደራደሪያ ነው።

ሥራ ይዟችሁ ሰው ማስተናገድ የማትችሉ ከሆነ ደላላ ከመፈለጋችሁ በፊት ጀልባ የሚያውቅ ጓደኛ ፈልጉ። ለሁለት ቅዳሜ ትንሽ ገንዘብ ከፍላችሁ እሱ ቢያሳይላችሁ ከዝቅተኛው ኮሚሽን በጣም ይረክሳል።

የቀድሞ ባለቤቱ ካረፈና ታይትሉ በሱ ስም ከሆነ ማስታወቂያውን አቆዩት። መጀመሪያ የውርሱን ወረቀት ጨርሱ፣ ከዚያ በፊት ቀብድ አትቀበሉ።

አሁን መኸር ከሆነና ጀልባው በኪራይ ላይ ካለ ለራሳችሁ ቀን ቁረጡ፣ ለምሳሌ የማሪናው ውል ከሚታደስበት አንድ ወር በፊት። እስከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ዋጋውን ቀንሱ። ቀኑ ከደረሰና ካልተሸጠ ለልገሳ ደውሉ። ግቢያችሁ ተሳቢ ላይ ያለ ከሆነ ግን በደንብ ሸፍኑት፣ ውሃ እንዳይቋጥር አፍንጫውን ከፍ አድርጉ፣ ቤንዚኑን ከሞተሩ አውጡ፣ ማስታወቂያውን ማርች ላይ አውጡት።